የአክቹዋሪዎች ማኅበር ስትራቴጂክ ዕቅድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን የምጽፈው ከኮዬ ፈጬ ነው። የማኅበራችን የዕቅድ ኮሚቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰበው እዚሁ፣ የኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ለእድር በሚጠቀሙበት ኮሚናል ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ የእድሩ የመዋጮ ዝርዝር ተለጥፏል። እኛ ከሥሩ ተቀምጠን ስለ ሙያችን ቀጣይ ዓመታት እንነጋገራለን። አባላት በስልክም በአካልም የሚያነሡት ጥያቄ እየተመሳሰለ መጣ። ስለዚህ መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው። የራሴ አስተያየት አለበት። ኮሚቴው ያልተስማማበትንም ሳልደብቅ እናገራለሁ።

አክቹዋሪ ማለት ምን ማለት ነው? ቤተሰቤ ሲጠይቀኝ እንኳ ማስረዳት ያቅተኛል።

አክቹዋሪ ገና ያልደረሰን ነገር ዛሬ በብር የሚተምን ባለሙያ ነው። ሞት፣ በሽታ፣ አደጋ፣ እርጅና ማን ላይ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ብዙ ሰው አንድ ላይ ሲታይ ግን ስንቱ ላይ እንደሚደርስ መገመት ይቻላል። ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1693 የብሬስላው ከተማን የልደትና የሞት መዝገብ ይዞ የሕይወት ሰንጠረዥ ሠራ፤ ከየዕድሜው ስንት ሰው እንደሚሞት የሚያሳይ ዝርዝር ነው፤ የሞት ሰንጠረዥም ይባላል። በስሙ የምትጠራውን ጅራታም ኮከብ ያጠናው ሰው ነው። «አክቹዋሪ» የሚለውን መጠሪያ ለዚህ ሥራ ያዋለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1762 ለንደን ውስጥ የተቋቋመው ኢኩዊተብል የሕይወት መድን ማኅበር ነው። ይህን ስም ያዙልኝ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ለእናቴ ግን እንዲህ ነው ያልኳት፦ «መዋጮው ስንት ቢሆን እድሩ አይከስርም የሚለውን የሚያሰላ ሰው።» ወዲያው ገባት።

ቁጥራችን ይህን ያህል ትንሽ ሆኖ ዕቅድ ምን ያደርግልናል?

ትንሽ ስለሆንን ነው የሚያስፈልገን። ትልቅ ማኅበር ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ አለው። እኛ ያለን የአባላት ትርፍ ሰዓት ብቻ ነው። ከሥራ ወጥተን፣ ታክሲ ተሰልፈን፣ ቤት ገብተን፣ ልጆች ከተኙ በኋላ የሚተርፈን ሰዓት። አሥር አባላት በሳምንት ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሰጡ በዓመት አንድ ሺህ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ይህ የአንድ ሠራተኛ የስድስት ወር ሥራ ነው። በዓሉ፣ ሠርጉና ለቅሶው ሲቀነስ ከዚያም ያንሳል። ሥልጠና፣ ጉባኤ፣ መጽሔት፣ የሕግ ረቂቅ አስተያየት፣ የዩኒቨርሲቲ ጉብኝት ሁሉ እዚያ ላይ ቢጫን አንዱም ዳር አይደርስም።

የመጀመሪያው ዕቅዳችን የወደቀው በዚህ ነው። አማካሪ ቀጥረን አስጻፍነው። ወፍራም ሰነድ ነበር፤ አሥራ አንድ ዋና ዋና ግቦች ነበሩት። ጉባኤው በጭብጨባ አጸደቀው። ከዚያ ወዲህ ገልጦ ያነበበው ሰው አላገኘሁም። እኔም ያን ቀን እጄን አውጥቼ ደግፌያለሁ። ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። የአሁኑ ረቂቅ ሦስት ግቦች ብቻ አሉት።

ከራእይና ከተልእኮ መጀመር አልነበረብንም?

ራእይ ይጻፍ፤ ክፉ ነገር አይደለም። ቃላት ሲመረጥ ግን ሦስት ቅዳሜ ያልቃል። እኛ የጀመርነው ከሌላ ጥያቄ ነው፦ የኛ ስሌት ቢሳሳት የሚጎዳው ማን ነው?

ሰሌዳው ላይ ጻፍናቸው። ጡረተኛው። ለልጆቿ ብላ የሕይወት መድን የገባች እናት። በሚኒባስ አደጋ ተጎድቶ ካሳ የሚጠብቅ ተሳፋሪ። የጤና መድን መዋጮ የሚከፍል ገበሬ። የፋብሪካ ሠራተኛ። እድርተኛው። ከዚያ በየስማቸው ትይዩ «ዛሬ ማን ያሰላለታል?» ብለን ጠየቅን። ለመድን ድርጅቶች የሚያሰላ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው። የጡረታውም ስሌት ይሠራል። ከደመወዛችን የሚቆረጠው 7 በመቶና አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ከ60 ዓመት በኋላ ያለውን ዕድሜ ይሸከም እንደሆነ የሚጠየቀው እዚያ ነው። እድርተኛው ፊት ለፊት ያለው ቦታ ግን ባዶ ቀረ። ማናችንም የምንጽፈው ስም አጣን።

እድርን ዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ሙያውን ዝቅ ማድረግ አይሆንም?

ይህ ጥያቄ ከራሳችን አባላት ሲመጣ ያመኛል። እድር ሲሰላ ምን እንደሚመስል በቁጥር ላሳያችሁ።

ሁለት መቶ አባወራ ያለው እድር እንበል። መዋጮው በወር 50 ብር ነው። በዓመት 120 ሺህ ብር ይሰበሰባል። ለአንድ ሐዘን 15 ሺህ ብር ይከፈላል። ስለዚህ መዋጮው በዓመት ስምንት ሐዘን ይችላል። እያንዳንዱ አባወራ ልጆቹንና ወላጆቹን ጨምሮ ስድስት ሰው ቢያስመዘግብ፣ እድሩ የተሸከመው 1,200 ሰው ነው።

አሁን የኛን ሰፈር አስቡት። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው፤ ሰው የገባው በአንድ ሰሞን ነው። አብዛኛው አባወራ ገና ወጣት ነው። በዓመት አምስት ሐዘን ቢሆን 45 ሺህ ብር ይተርፋል። ካዝናው ሲሞላ ስብሰባ ላይ አንዱ ይነሣና «ክፍያውን 20 ሺህ እናድርገው» ይላል። ሁሉም ይስማማል። ያን ጊዜ መዋጮው የሚችለው ስድስት ሐዘን ብቻ ይሆናል። ለዛሬ ይበቃል። ግን አብሮ የገባ ሰው አብሮ ያረጃል። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ አዲስ ወጣት ካልገባበት፣ ሐዘኑ በዓመት አሥር ቢደርስ ወጪው 200 ሺህ ይሆናል፤ መዋጮው ያው 120 ሺህ። በየዓመቱ 80 ሺህ ብር ይጎድላል። ሃያ ዓመት ሙሉ የከፈሉት ሰዎች ተራቸው ሲደርስ ካዝናው ባዶ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። የዋጋ ንረቱን ገና አልነካሁትም። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ንፍሮውም በዚያው ዋጋ አይቆይም።

ይህን በአንድ ገጽ ጽፌ ለእድራችን ዳኛ ሰጠኋቸው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ጠጋ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቀና ብለው «ይህን እስከ ዛሬ ለምን ማንም አልነገረንም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። እኔም እዚያው እድር ውስጥ አምስት ዓመት መዋጮ ስከፍል ቆይቻለሁ።

የረቂቁ የመጀመሪያ ግብ ከዚያ ወረቀት ነው የወጣው። ማንኛውም የእድር ጸሐፊ በካልኩሌተር ሊሞላው የሚችል የአንድ ገጽ ማስያ እናዘጋጃለን፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ኮሚቴው በዚህ ላይ ተከፋፍሎ ነበር። «የሚከፍለን መድን ድርጅት ነው እንጂ እድር አይደለም» ያሉ ነበሩ። ክርክሩ ሁለት ቅዳሜ ወሰደ፤ ጠባብ በሆነ ድምፅ አለፈ። ጉባኤው ላይ እንደገና እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ ይነሣ።

ታዲያ አባላት ራሳቸው ምን ያገኛሉ? ከመድን ድርጅት ውጭስ ሥራ አለ?

አለ፤ ደጃችን ላይ ነው ያለው። ከዚህ ወደ ገላን ስትወርዱ ፋብሪካ በፋብሪካ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847/2007 ከወጣ በኋላ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የሒሳብ አቀራረብ ደረጃዎች መሠረት ማቅረብ አለባቸው። ከደረጃዎቹ አንዱ፣ ቁጥር 19፣ የሠራተኞችን ጥቅማ ጥቅም ይመለከታል። ወደፊት የሚከፈል የስንብት ክፍያ ዛሬ ስንት ዕዳ እንደሆነ ተሰልቶ ይቀመጥ ይላል።

ምሳሌ እንውሰድ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል። ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 12 ሺህ ብር የሚከፈላት፣ ሰባት ዓመት የሠራች ሠራተኛ ክፍያው የሚገባት ቢሆን፣ ለመጀመሪያው ዓመት 12 ሺህ፣ ለቀሪው ስድስት ዓመት 24 ሺህ፣ በድምሩ 36 ሺህ ብር ነው። ይህን ማንም ይደምራል። የኛ ሥራ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ከአራት መቶ ሠራተኛ ስንቱ እስከዚያ ይቆያል? ስንቱ ክፍያውን በሚያስገኝ ምክንያት ይለቃል? ደመወዙ ያን ጊዜ ስንት ይደርሳል? የነገው ብር ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመለሰው በስንት ወለድ ነው?

ችግሩ ያለው ወለዱ ላይ ነው። ደረጃው የጠንካራ ኩባንያዎችን ቦንድ ወለድ ተጠቀሙ ይላል። የዳበረ የኩባንያ ቦንድ ገበያ ከሌለ የመንግሥትን ቦንድ ውሰዱ ይላል። እኛ አገር ግን የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድ በገበያ እንደ ልብ አይገበያይም። ስለዚህ አንዱ ባለሙያ አንድ ወለድ፣ ሌላው ሌላ ወለድ ይዞ ይመጣል። የሁለት ጎረቤት ፋብሪካዎች ዕዳ ሰማይና ምድር ይሆናል፤ ኦዲተሩም ግራ ይጋባል። ሁለተኛው ግባችን ስለ ወለድና ስለ ደመወዝ ዕድገት ግምት የአሠራር መመሪያ ማውጣት ነው። አክቹዋሪው ሁሉ አንድ ቁጥር ይያዝ ማለታችን አይደለም። ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያስረዳ ነው። ከባዶ አንጀምርም፤ ዓለም አቀፉ የአክቹዋሪዎች ማኅበር በዚሁ ርዕስ ላይ ሞዴል ደረጃ አለው።

የራሳችን የሞት ሰንጠረዥ መሥራትስ? ዕቅዱ ውስጥ የለም።

አዎ፣ ሆን ብለን ነው ያስቀረነው። ሁላችንም የምንመኘው ሥራ ነው። በጎረቤታችን ኬንያ እንኳ እንግሊዝ አገር የሕይወት መድን በገቡ ሰዎች የ1949–52 እ.ኤ.አ. የሞት ተሞክሮ ላይ የተሠራ ሰንጠረዥ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። የራሳቸው የመጣው ቆይቶ ነው።

ሰንጠረዥ የሚሠራው ከመዝገብ ነው፤ መዝገባችን ደግሞ ገና ነው። አንድ ጊዜ የደንበኞች ፋይል ስመረምር ዕድሜያቸው 40፣ 45፣ 50 የሆኑ ሰዎች በዝተው አገኘሁ። 43 እና 47 የሚል የለም ማለት ይቻላል። ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ ይጠጋጋል። ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በኛ 1980 የተወለደ ሰው በፈረንጆች 1987 ወይም 1988 ነው። ፎርሙን የሞላው ሠራተኛ 1980ን የፈረንጅ ዓመት አድርጎ ካስገባው ሰውዬው በአንድ ጊዜ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። አረቦኑም ይወደዳል። ሰንጠረዡ ከመምጣቱ በፊት ፎርሙ ላይ «ዓ.ም.» እና «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ይግባ። ይህን ለመድን ድርጅቶች በደብዳቤ እንጠይቃለን። ወረቀትና ፖስታ እንጂ በጀት አይፈልግም።

ወጣቶቹ የፈተናውን ወጪ እንዴት ይችሉታል?

ይህ ሦስተኛው ግብ ነው፤ በጣም የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የለንደኑም የአሜሪካውም የሙያ ፈተና የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ፈተናው ደግሞ አንድ አይደለም፤ ዓመታት የሚፈጅ ሰንሰለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ትናንት 5,700 ብር የነበረው የመቶ ዶላር ክፍያ ከ10 ሺህ በላይ ሆነ። ደመወዝ ግን አልተከተለውም። አራት ፈተና አልፋ አምስተኛውን ያቋረጠች ልጅ አውቃለሁ። የጎደላት ዕውቀት አልነበረም።

ያሰብነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በዕቁብ መልክ የሚዞር የፈተና ብድር ነው፤ ያለፈው ሲመልስ ለቀጣዩ ይደርሳል። ዕቁብ ለሁላችንም የታወቀ ነገር ስለሆነ ደንቡን ለማስረዳት ጊዜ አይፈጅም። ሁለተኛው ፈተናውን በከፊል ያለፉትን በግልጽ የአባልነት ደረጃ መያዝ ነው። ዛሬ ሙሉ ፈተና ያላለፈ ሰው ጉባኤ ላይ የሚቀመጠው ከኋላ ወንበር ነው። ሥራውን በአብዛኛው የሚሠራው ግን እሱ ነው።

የዓለም አቀፉ ማኅበር ሙሉ አባል መሆን ዋና ግባችን ለምን አልሆነም?

ዓለም አቀፉ ማኅበር መነሻው እ.ኤ.አ. በ1895 ብራሰልስ ላይ የተካሄደው ጉባኤ ነው። ዛሬ ጽሕፈት ቤቱ ኦታዋ፣ ካናዳ ነው። ሙሉ አባል ለመሆን የሥነ ምግባር ደንብ፣ የሚሠራ የዲሲፕሊን ሥርዓት፣ የሙያ ደረጃ የሚወጣበት አካሄድና ከዝርዝር ሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የሚጣጣም ትምህርት ይጠይቃል። እነዚህን ብናሟላ አባልነቱ ራሱ ይመጣል። አባልነቱን ግብ ካደረግነው ግን ወረቀቱን ለማሟላት እንሮጣለን። ኮሚቴው በዚህ ላይ ያለ ክርክር ነው የተስማማው።

ሁላችንም የምንተዋወቅ ነን። ማን ማንን ይቀጣል?

ይሉኝታ ትልቁ ሥጋታችን ነው። አብሮን የተማረ፣ ሠርጋችን ላይ ሚዜ የሆነ ሰው የተሳሳተ ሪፖርት ቢፈርም ማናችን ነን አቤቱታ የምንጽፈው? እኔ እጄ እንደሚያዝ አውቃለሁ።

ቅድም ስሙን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ወደ ኢኩዊተብል ልመለስ። የሙያው መጠሪያ የወጣበት ያ ማኅበር፣ ሊወጣው የማይችል የጡረታ ክፍያ ዋስትና ለደንበኞቹ ሰጥቶ ነበር። የእንግሊዝ ከፍተኛው የፍርድ አካል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2000 ወሰነበት። በታኅሣሥ 2000 አዲስ ደንበኛ መቀበል አቆመ። ብዙ አረጋውያን ለእርጅናቸው ካጠራቀሙት ጎደለባቸው። ከዚያ በኋላ መንግሥት ያዘዘው የሞሪስ ጥናት በ2005 ወጣ። ሙያው ራሱን በራሱ የሚቆጣጠርበት መንገድ በቂ አልነበረም አለ። ቁጥጥሩ ከሙያው ውጭ ላለ አካል ተሰጠ። እዚያ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ነበሩ። እኛ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ነን፤ እንዴት ራሳችንን ብቻችንን እንቆጣጠራለን?

ስለዚህ ረቂቁ የሚለው ይህ ነው፦ የዲሲፕሊን ኮሚቴው አብላጫ አባላት አክቹዋሪ ያልሆኑ ሰዎች ይሁኑ። ጠበቃ፣ ኦዲተር፣ አንድ ጡረተኛ። ደንቡም አሁኑኑ፣ አንድም ክስ ሳይኖር ይጻፍ። ክስ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ ሰውን እያየ ነው የሚጻፈው።

ለሦስት ዓመት ነው ለአምስት?

ለሦስት። የብሩን ነገር አይተናል። አምስት ዓመት አርቀን ማየት አንችልም።

ዕቅዱን የሚያጸድቀው ማን ነው?

ጠቅላላ ጉባኤው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ማኅበርን አምስት ወይም ከዚያ በላይ አባላት የሚመሠርቱት፣ ጠቅላላ ጉባኤው የበላይ ውሳኔ ሰጪ የሆነበት ድርጅት አድርጎ ነው የሚያየው። ኮሚቴው ያረቅቃል እንጂ አይወስንም።

ይኸኛውስ እንደ መጀመሪያው ሼልፍ ላይ እንዳይቀር ምን ታስቧል?

ለደንበኞቻችን በየዓመቱ የምናደርገውን ለራሳችን እናድርግ ነው ያልኩት። የሞት ግምታችን 20 ሆኖ የሞተው 26 ቢሆን፣ ቁጭ ብለን ለምን ብለን እንጠይቃለን። ግምቱ ነው የተሳሳተው ወይስ ዓመቱ ክፉ ነበር? የራሳችን ዕቅድ ላይ ግን ይህን አድርገን አናውቅም።

አሁን በእያንዳንዱ ግብ ሥር ሦስት መስመር አለ። የመጀመሪያው ይሆናል ብለን የገመትነው ነው። ለምሳሌ «በመጀመሪያው ዓመት አሥር እድሮች ማስያውን ይሞክራሉ።» ሁለተኛው ግምቱ የቆመበት ምክንያት ነው፦ «በየወሩ አንድ አባል አንድ እድር ስብሰባ ይገኛል፤ ዝናብና ጾም ሁለት ወር ያስተጓጉላል።» ሦስተኛው መስመር ባዶ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የሆነው ይጻፍበታል። አሥሩ አራት ሆኖ ከተገኘ ማንም አይወቀስም። ሁለተኛውን መስመር ግን እንደገና እንጽፈዋለን። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ከግማሽ በታች የሆነ ግብ ይሰረዛል። ሰዓቱም ለሌላው ይሰጣል። አሥራ አንዱ ግቦች ሥር እንዲህ ያለ ባዶ መስመር ኖሮ ቢሆን ኖሮ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ዘጠኙን እናጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስብሰባው ለምን ከከተማ ዳር ሆነ? ለብዙዎቻችን ሩቅ ነው።

መሀል ከተማ አዳራሽ ኪራይ ውድ ነው፤ ይህ ቤት ግን በነጻ ነው። አብዛኞቹ ወጣት አባላትም ቤት ያገኙት ወይም የተከራዩት ዳር ዳሩን ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን፣ ለገጣፎ። ከለገጣፎ የሚመጡት ግን እውነትም ይቸገራሉ። ስለዚህ በየሦስተኛው ቅዳሜ አያት አካባቢ እንዲሆን ተስማምተናል።

የስታቲስቲክስ ተማሪ ነኝ፤ አባል አይደለሁም። መምጣት እችላለሁ?

ኑ። የእድር ማስያውን የሚሞክሩ ሰዎች እንፈልጋለን። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል እንጀምራለን። ከመምጣታችሁ በፊት የቤታችሁን የእድር ደብተር ከእናታችሁ ወይም ከአባታችሁ ተዋሱና አራት ነገር ጽፋችሁ ያዙ፦ አባወራው ስንት ነው፣ መዋጮው ስንት ነው፣ ለአንድ ሐዘን ስንት ይከፈላል፣ ባለፈው ዓመት ስንት ጊዜ ተከፈለ። ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።